ስንቅና ኬላ

ያለ ስንቅ መንገድ መውጣት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። መንገደኛው ባይርበው እንኳ አብሮት የሚጓዘው ሊርበው ይችላልና ስንቅ ለራስ ብቻ ተብሎ አይያዝም። ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆኑኝ ይህን ልማድ ይዘው ባሕር የተሻገሩ አንዲት እናት ናቸው።

ካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከአገር ቤት ሊጠይቁት የመጡትን እናቱን በመኪናው ይዞ ወደ ሜክሲኮ ወረደ። ከቲዋና ተነሥተው፣ በአንድ ወገን ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን የኮርቴዝ ባሕር በሚያዋስኑት በባሐ ካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ወደ ደቡብ ነጎዱ። እናት ከኋላ ወንበር ዘንቢላቸውን አቅፈዋል። በውስጡ ቆሎ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ ብርቱካንና ማንጎም አለ። ወደ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ሁለቱ ክፍላተ ሀገር በሚዋሰኑበት በጌሬሮ ኔግሮ ከተማ አጠገብ ኬላ ገጠማቸው። ዳቦውና ቆሎው አለፈ። ብርቱካኑና ማንጎው ግን አያልፍም ተባለ።

ወዳጄ ነገሩን ለእናቱ ሲተረጉምላቸው እሳቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ለአንድ ዘንቢል ብርቱካን ይህ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል?» ብለው ጠየቁ እንጂ። ከዚያም «መጣሉማ ነውር ነው» ብለው ከመኪናው ጎን ቆመው ብርቱካኑን ይልጡ ጀመር። ለልጃቸው ሰጡ፤ ለፈታሹ ወጣትም በእጃቸው አጎረሱት። ወጣቱ ሣቅ ብሎ ተቀበለ። ልጣጩና የተረፈው ፍሬ ወደ ኬላው ማጠራቀሚያ ገባ። ጎማቸው መድኃኒት ተረጭቶ፣ ጥቂት ፔሶ ከፍለው አለፉ።

የእኒያ እናት ጥያቄ ከእኔ ጋር ቀረ። በባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና ነገርን ሁሉ በወጪና በገቢ ማየት ይቀናኛል። አንድ ዘንቢል ፍሬ ወጪ ሆነ፤ ገቢው የማን ነው? (ውድ አንባቢዬ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬላ ስንል የእኛ ትዝታ ቀረጥ ነው። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ከአንዱ ገዥ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ከጭነቱ እየቀነሰ ያልፍ ነበር። ያ ኬላ የወሰደውን ይበላል፣ ያከማቻል፣ ይሾምበታል። የሜክሲኮው ኬላ ግን የወሰደውን አይበላም፤ ያጠፋዋል። የሰውን ስንቅ ወስዶ የሚያጠፋ ኬላ ደግሞ ከስስት የበረታ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የቅርቡ ምክንያት ዝንብ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ በምግብ ላይ አርፋ የምትነሣ አይደለችም። እንስቷ የፍሬውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል የፍሬውን ሥጋ እየበላ ያድጋል፤ ሲያበቃ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከአፈርም ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ደኅና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በመኪና መስኮት የተወረወረች አንዲት ማንጎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር አትክልተኛ የመርዶ ደብዳቤ ልትሆን ትችላለች። የባሐ ካሊፎርኒያን ደቡባዊ ክፍል ለብዙ ዘመን የጠበቁት በረሃውና ባሕሩ ነበሩ። በረሃው ራሱ ኬላ ነበር ማለት ይቻላል። ባሕረ ገብ መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና በ1973 ሲጠናቀቅ ግን መኪና በረሃውን አሸነፈው፤ ዝንብም ተሳፋሪ የምትሆንበት ዕድል ተከፈተላት።

ከዝንቦቹ ሁሉ አብዝታ የምትፈራው «የሜዲትራኒያን ዝንብ» የሚሏት ናት። ስሟ ያሳስታል፤ የትውልድ አገሯ ከሰሐራ በታች ያለችው አፍሪካችን ናት። ከምትወዳቸው ፍሬዎች አንዱ ደግሞ ቀዩ እሸት ቡና ነው። ቡና ከእኛ ጫካ ወጥቶ፣ በዐረቦችና በአውሮፓውያን እጅ ዞሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ሜክሲኮ ቺያፓስ ውስጥ ሶኮኑስኮ በሚባለው ምድር ተተከለ። ዝንቧ በሌላ መንገድ ዘግይታ ደረሰች። በ1955 ኮስታ ሪካ ታየች፤ በ1975 ጓቴማላ፤ በ1977 ድንበሩን አልፋ ቺያፓስ ገባች። ከአንድ አህጉር የወጡት ተክልና ዝንብ በየራሳቸው ጎዳና ዞረው በባዕድ ተራራ ላይ ተገናኙ።

ሜክሲኮ፣ ጓቴማላና አሜሪካ ተባብረው ያደረጉት ነገር ተረት ይመስላል። ዝንብን በዝንብ ወጓት። በ1979 ሜታፓ በምትባል የቺያፓስ ትንሽ ከተማ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በሳምንት እስከ 500 ሚሊዮን ዝንብ የሚያመርት። ዝንቦቹ በጨረር ይመክናሉ፤ ከዚያም በአውሮፕላን ይበተናሉ። ከመካን ወንድ ጋር የተገናኘች ዝንብ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። በየመንገዱም የፍሬ ኬላ ቆመ። በ1982 ዝንቧ ከሜክሲኮ ምድር መጥፋቷ ታወጀ። ሆኖም ጥበቃው አላበቃም፤ በ2021 በማንሳኒዮ ወደብ እንደገና ብቅ ብላ እስክትጠፋ ድረስ ዳግመኛ ዘመቻ አስፈልጓል።

ይህ ሁሉ የዝንብ ታሪክ ነው። ነገር ግን ሜክሲኮ በኬላ መፈተሽን የተማረችው ከዝንብ አስቀድሞ፣ በከብት ነው፤ ያም ትምህርት በደም የተጻፈ ነበር።

በ1946 ሻኛ ያላቸው የዜቡ ኮርማዎች ከብራዚል በመርከብ መጥተው በቬራክሩዝ ወደብ ፊት ለፊት ባለች ሳክሪፊሲዮስ በምትባል ደሴት ላይ ወረዱ። የደሴቲቱ ስም «መሥዋዕት» ማለት መሆኑ እንዲያው የታሪክ ምፀት ነው። ኮርማዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቬራክሩዝ የአፍና የእግር በሽታ፣ እኛ አፍተግር የምንለው፣ መግባቱ ተረጋገጠ፤ ብዙዎችም ከእነዚያ ኮርማዎች ጋር አያያዙት። አሜሪካ ድንበሯን ለሜክሲኮ ከብት ዘጋች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኬላው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወታደር በየመንገዱ ቆመ፤ መኪናና መንገደኛ በመድኃኒት ይታጠብ ጀመር።

በ1947 የሁለቱ አገሮች የጋራ ኮሚሽን የመረጠው መፍትሔ የታመመውንም ከታመመው ጋር የዋለውንም ከብት መግደል ነበር። ሕዝቡ «የጤና ጠመንጃ» የሚለው ስም ዛሬም ድረስ ይታወሳል። በዚያ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና አሳማ በጉድጓድ አፋፍ ተገደለ። ካሣ ይከፈል ነበር። በበሬ ምትክም በቅሎ ቀረበ። ግን በሬ ጠምዶ ያደገ ገበሬ በበቅሎ እረስ ቢባል፣ እርፉና ቀንበሩ፣ ድምፁና ልማዱ ሁሉ ለበሬ የተሠራ ነው። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። በመስከረም 1947 በሚቾአካን ሴንጊዮ በምትባል መንደር የተቆጣ ሕዝብ አንድ የእንስሳት ሐኪምና አብረውት የነበሩ ወታደሮችን ገደለ። የዓመቱ ማብቂያ ሲቃረብ መንግሥት ግድያውን ትቶ ወደ ክትባት ዞረ፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ክትባት ተሰጠ። ድንበሩ በ1952 ተከፈተ፤ በሽታው በ1953 በማገርሸቱ ተዘጋ፤ በ1955 መባቻ እንደገና ተከፈተ።

ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነንና ሁዋን ሩልፎን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። በ1953 በታተመው የአጭር ልቦለድ መድበሉ ውስጥ ጎርፍ የአንዲት ልጅን ላም የሚወስድበት ታሪክ አለ። ላሟ የልጅቱ ጥሎሽ፣ የክብሯም መያዣ ነበረች። የሩልፎን ላም የወሰደው ጎርፍ እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ያን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን «አንድ ሚሊዮን» የሚለውን ቁጥር እንደ ቁጥር ብቻ ሊያነበው አይችልም። አንድ ሚሊዮን ጊዜ አንድ ቤት ተንኳኳ ብሎ ያነበዋል።

ኬላ ባይኖርስ? ይህን ለመመለስ የእኛን ታሪክ መግለጥ ይበቃል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ በምጽዋ ለሰፈረው የጣሊያን ጦር ስንቅ ይሆኑ ዘንድ ከሕንድ በመርከብ የመጡ ከብቶች በሽታ ይዘው ወረዱ ይባላል። የበሽታው የአማርኛ ስም «ደስታ» ነው፤ ከዚህ የመረረ ስም ቋንቋችን ያወጣ አይመስለኝም። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው መከራ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። በሬ የሌለው ገበሬ እንዲቆፍር ለማበረታታት አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይተረካል። ያ ሁሉ እልቂት የመጣው ኬላ ሳያገኘው ባለፈ ስንቅ ነው። ይህን ሳስብ የእኒያን እናት ዘንቢል በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

እርግጥ ነው፤ ኬላ ሁሉ ቅዱስ አይደለም። አሜሪካ የሜክሲኮን አቮካዶ በ1914 ስታግድ ምክንያቷ የዘር ነቀዝ ነበር። እገዳው ለአሥርተ ዓመታት ሲቆይ ግን የነቀዙ ፍርሃት የካሊፎርኒያ አምራቾች ጥቅም መጋረጃ ሆኗል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ምክንያቱን የረሳ ኬላ ወደ ጥንቱ ቀረጥ ቤት ይመለሳል። ልዩነቱን የምናውቀው ከአንድ ነገር ነው፤ ኬላው ከወሰደብን የሚያተርፈው ራሱ ነው ወይስ የማናውቀው ሌላ ሰው?

ለዚህ ጥያቄ ከሜክሲኮ የተገኘ አንድ መልስ አለ፤ መልሱም ወደ እኛ ደጅ የደረሰ ነው። የቁም ከብት ሥጋ የሚበላ የአሜሪካ አህጉር የቁስል ትል በ1988 ሊቢያ ውስጥ ታየ። ሰሐራን ተሻግሮ ቢወርድ ኖሮ የሱዳን፣ የኢትዮጵያ፣ የኬንያ ከብትና የዱር አራዊት ሁሉ ፊቱ ነበሩ። ሜክሲኮ በቺያፓስ ውስጥ ይህንኑ ትል የሚያመነጨውን ዝንብ ለማምከን በ1976 የከፈተችው ሌላ ፋብሪካ ነበራት። ከዚያ ፋብሪካ ከአንድ ቢሊዮን በላይ መካን ዝንብ በአውሮፕላን ወደ ሊቢያ ተጓጉዞ ተበተነ፤ በ1991 ትሉ ከአፍሪካ ምድር ጠፋ። የቦረና ከብት አርቢ ይህን አልሰማም። የቺያፓስ ሠራተኛም የቦረናን ስም አያውቅም። ውለታው ግን ተመዝግቧል። ሜክሲኮም በዚያው 1991 ከትሉ ነጻ ወጣች። ያ ፋብሪካ ከዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ በኅዳር 2024 ትሉ ከደቡብ ተመልሶ ቺያፓስ ገባ፤ አሜሪካም ዳግመኛ ድንበሯን ለሜክሲኮ ከብት ዘጋች። በ2025 የሜታፓው የፍሬ ዝንብ ፋብሪካ ለዚህ ትል መዋጊያ እንዲለወጥ ተወሰነ። የተዘነጋ በር በጠላት እጅ ይከፈታል።

እንግዲህ ለእኒያ እናት ጥያቄ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። እማማ፣ ያ ሁሉ ሰው መንገድ ላይ የቆመው ለአንድ ዘንቢል ብርቱካን አይደለም። በ1947 በሬው ስለተገደለበት ገበሬ ነው። በእኛም በክፉ ቀን በዶማ ስለ ቆፈረው ነው። እሱ የከፈለው በሬውን ነበር፤ ከእርስዎ የተጠየቀው ብርቱካን ብቻ ሆነ። እርስዎም ሳያውቁት ትክክለኛውን አድርገዋል፤ ስንቁን ከኬላው በፊት ለሰው አካፈሉት፤ ኬላው የቀረውን ወሰደ። ስንቅ ለራስ ብቻ አይያዝም ማለት ምናልባት ይህም ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

ስንቄን ኬላ በላው፣ እጄ ባዶ ቀረ፤
ከማላውቀው መንደር ብርቱካን አደረ።
እኔም አላየሁት፣ እሱም አላየኝም፤
በአንድ ፍሬ ዋጋ መዛመድ አይቀርም።