በእጅ የሚዳሰስ ዕውቀት

በአሜሪካ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም.፣ የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር ፍራንክ ኦፐንሃይመር ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበሩ በማመናቸው የዩኒቨርሲቲ መምህርነታቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። በኮሎራዶ ገጠር ዓመታትን በከብት እርባታ ካሳለፉ በኋላ ግን በአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደገና ለማስተማር በቁ። ተማሪዎቻቸውንም ወደ ቆሻሻ መጣያ ወስደው ከወዳደቁ ዕቃዎች የሜካኒክስን ሕግ አስተማሩ።

በ1969 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለውን የሳይንስ ሙዚየም ሲከፍቱ ይህንኑ ልማድ ይዘው ገቡ። ጎብኚው «አትንካ» አልተባለም፤ የብርሃንን፣ የድምፅንና የእንቅስቃሴን ጠባይ በገዛ እጁ እየሞከረ ተረዳ። መሣሪያዎቹ የሚሠሩበት ወርክሾፕም ለሕዝብ ዓይን ግልጽ ሆነ። የማስረዳቱ ኃላፊነት የተሰጠው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆን፣ ለሥራቸውም ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሙዚየሙ የመሣሪያዎቹን አሠራር በመጽሐፍ አሳትሞ ለሌሎች ሙዚየሞች አበረከተ።

ዶክተር ኦፐንሃይመር በ1985 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሙዚየሙን መርተዋል። የማስተማር መብታቸውን አንድ ጊዜ የተነጠቁት እኒህ ሰው፣ ሥልጣን በእጃቸው በገባ ጊዜ ማስተማርን ለወጣቱ፣ መመርመርን ለጎብኚው አካፈሉ። የአመራራቸው ቁም ነገርም ይኸው ነው።