«ትጥቅ ፍታ» ከቶንጎ ሲሰማ

የአሜሪካንን የጠመንጃ ክርክር እንደራሳችን ጉዳይ የምንከታተል ወጣቶች ብዙ ነን። እ.ኤ.አ. በ2022 ቴክሳስ፣ ዩቫልዴ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ክፍላቸው ውስጥ ሲገድል እዚህም ካፌው ሁሉ ተከራክሯል። ግማሻችን «እንደ እንግሊዝ ይከልከል» ባይ ነን፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ ደንብሌን ላይ 16 ሕፃናትና መምህራቸው ከተገደሉ በኋላ በዓመቱ የግል ሽጉጥን ከልክላለችና። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ሕግ ባዶ እጁን የሚያስቀረው ሕግ አክባሪውን ብቻ ነው» ይላል። የሚገርመው ይኸው ክርክር እኛ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው የሚያነሣ መጥፋቱ ነው። እስቲ ከአሶሳ በስተደቡብ፣ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከቶንጎ ሆነን እንየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የአውሮፓ መንግሥታት ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ከ20 ዲግሪ ሰሜን እስከ 22 ዲግሪ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ። ያቀረቡት ምክንያት የባሪያ ንግድን ማስቆም ነው። ኢትዮጵያም መስመሩ ውስጥ ነበረች። ምኒልክ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ጠመንጃ ከመግዛት አልቦዘኑም (ገጣሚው አርተር ራምቦ ሳይቀር በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ እንጦጦ ድረስ መጥቷል፤ አትራፊ ግን አልነበረም)። ስናድሩ፣ ውጅግራው ባይሰበሰብ ኖሮ የዐድዋ ታሪክ ሌላ ነበር። ለዚህ ነው የኢትዮጵያ ሰው «ጠመንጃ መቆጣጠር» ሲባል ከጀርባው ማን እንዳለ አስቀድሞ የሚጠይቀው። ትክክልም ነው።

ግን ያው ጠመንጃ ዐድዋ ላይ አልቆመም። በ1890 ዓ.ም. (የእኛው 1890፣ የብራስልሱ አይደለም) የራስ መኮንን ጦር ቤኒሻንጉል ገባ። ከዚያ በኋላ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ ለማዕከሉ ወርቅ እየገበሩ የአካባቢው ጉልበተኛ ሆኑ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሾጎሌ» ብለን ታክሲ የምንይዝበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። ወርቁ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይላክ ነበር። ጠመንጃ የያዘው ጠመንጃ ያልያዘውን እያደነ ሸጠ፤ ከታዳኞቹ መካከል ማኦና ኮሞ ነበሩ። የሼሁ ባለቤት ሲት አምና እ.ኤ.አ. በ1928 በሱዳን ባለሥልጣናት የታሰሩት በዚሁ ንግድ ነው። ለሰሜኑ ሰው ጠመንጃ ነፃነት ከሆነ፣ ለቶንጎ አካባቢ ሰው መጀመሪያ የታየው ከአፈሙዙ በኩል ነው። ስለ ጠመንጃና ጀግንነት በምንሰማው ፉከራ ውስጥ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ቦታ የለውም።

በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታቱን ማኅበር ስትቀላቀል ቃል ያስገቧት በሁለት ነገር ነበር፤ በባርነትና በጦር መሣሪያ። ሁለቱን ማያያዛቸው ለማኦና ለኮሞ እውነት ነበረው። ግን ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ መሸጥ አቆሙ፤ ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካ ነበራት። ቁጥጥሩ ፍትሐዊ ዓላማ ነበረው፤ የጠበቀው ግን ማንንም አይደለም።

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በፈቃድ ነው፤ ያለፈቃድ መያዝና መሸጥ ያስቀጣል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ዘገየ እንጂ። ዓመት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በጎረቤት ምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ፣ ጋዋ ቃንቃ ቀበሌ፣ ታጣቂዎች የአማራ ተወላጆችን ለስብሰባ ብለው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሰብስበው ፈጇቸው። አምነስቲ ከግቢው ቢያንስ 54 አስከሬን መነሣቱን ዘገበ። መንግሥት «ሸኔ» ነው አለ፤ ቡድኑ ካደ። ከሞት የተረፉት የተናገሩት ግን ከማንኛውም የአዋጅ አንቀጽ ይበልጣል፦ ወታደሮቹ ከአካባቢው ከወጡ ከሰዓታት በኋላ ነው የተገደልነው።

እኛ አገር የትምህርት ቤት ጭፍጨፋ ማለት እንግዲህ ይኸ ነው። አንድ የታመመ ወጣት ከሱቅ ጠመንጃ ገዝቶ አይደለም። የበር ላይ ፍተሻም፣ የሥነ ልቦና አማካሪም ጋዋ ቃንቃን አያድንም ነበር። ያድን የነበረው ወታደሩ ሳይወጣ መቆየቱ ነው።

ቶንጎም ተራዋ ደረሰ። በ2004 ዓ.ም. ከሱዳን ብሉ ናይል ለሸሹ ሰዎች መጠለያ ተከፍቶባት ነበር። ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. በታጣቂዎችና በፌዴራል ኃይሎች መካከል ውጊያ ተነሣ፤ መጠለያው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ በአካባቢው ከ20 ሺህ በላይ ስደተኞች እንደገና ተሰደዱ። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1982 ዓ.ም. አሶሳ በአማፅያን ስትያዝ የጾሬ መጠለያ ሱዳናውያንም እንዲሁ ሸሽተዋል።

እና ለቶንጎ ገበሬ «ክላሽህን አስመዝግብ» ስንለው የሚመልስልን ጥያቄ አለው፦ ማታ ማን ያድርልኛል? «ሁሉም ይታጠቅ» ማለት መልስ አይደለም፤ ሁሉም ሲታጠቅ ማን ታዳኝ እንደሚሆን የማኦና የኮሞ ታሪክ ነግሮናል። ግን መዝገቡ ይዞ የሚሄደው ፖሊስ፣ የገበሬውን ስም ጽፎ ከመመለሱ በፊት፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንድ ኬላ ተክሎ እዚያው ማደር አለበት። ከሚመዘገበውም ጠመንጃ ቀዳሚው መንግሥት ራሱ ለሚሊሻ ያደለው ይሁን።