ቀብድ የበላ አከራይ ስንት ይመልሳል?

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የኪራይ ታሪክ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራና የሚያከራይ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበረው። ተቋሙ በከተማችን የሠራቸው ቤቶች በጣልያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣልያን ወጣ፤ ቃሉ ግን በእኛ አፍ ተለስልሶ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ «ካዛንቺስ ነኝ» ባልን ቁጥር ሳናውቀው የአንድ አከራይ ስም እየጠራን ነው።

ሰፈሩም ሆነ ዙሪያው ያለው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከዚያ ወዲህም የተከራይ አገር ናቸው። እዚህ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው የሚከተለው ነገር ወይ በራሱ ደርሶበታል፣ ወይ ከጓደኛው ሰምቶታል። ቤቱን ታያላችሁ፣ በዋጋ ትስማማላችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድማችሁ ብር ትከፍላላችሁ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ይደወላል። «ይቅርታ፣ ቤቱን ለዘመድ ሰጠሁት።» ከዚያ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ብራችሁን ከመለሰላችሁ ተመስገን በሉ።

ይህ ምክር ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሌላ ነገር ሲል ኖሯል። እንዴት እንደረሳነው ለማወቅ ትንሽ ወደኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን በሚታሰብበት ዕለት። ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ናቸው። ሕጉ 3,367 አንቀጾች አሉት። ከ1883 እስከ 1885 ያሉት ሦስቱ ስለ ቀብድ ያወራሉ።

ሐሳባቸው በቀላል አማርኛ ይህ ነው። አንደኛ፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል መኖሩን ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ላይ ይታሰባል። ሦስተኛ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ትቶ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ መውጣት ይችላል።

ልብ በሉ፣ ሕጉ አከራዩን አይሰድበውም። መውጫ በር ይሰጠዋል፤ በሩ ግን ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ለሁለቱ እኩል ነው። 9,000 ብር ቀብድ የሰጠ ተከራይ ቢቀር 9,000 ይከስራል። አከራዩ ቢቀር 18,000 ይመልሳል፤ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ድሮም የእሱ ስላልነበረ እሱም የሚከስረው 9,000 ነው። «ብሩን ብቻ ይመልስ» ካልን ግን ተከራዩ ሲቀር ይቀጣል፣ አከራዩ ሲቀር በነፃ ይሄዳል ማለት ነው። ያ ሚዛን አይደለም።

ይህን ሚዛን ሬኔ ዳቪድ አልፈጠሩትም። በ6ኛው መቶ ዘመን የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ሕግ ለሽያጭ ተመሳሳይ ደንብ ነበረው። በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1590 ይህንኑ አስቀምጧል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዛሬ ለኢንሹራንስ የምንከፍለውን የምንጠራበት «አረቦን»፣ ዕብራይስጥና ግሪክም የሚጋሩት፣ ቀብድ ወይም መያዣ ማለት የነበረ ጥንታዊ ቃል ነው።

አከራይ የጠፋበት ዘመን

ሕጉ ከታወጀ ከ15 ዓመት በኋላ የግል አከራይ በአዋጅ ጠፋ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ኪራይ ተቀነሰ፤ ቅናሹም ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ሰው ከፍ ያለ ነበር። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሄዱ። የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የዚያ ድርጅት ወራሽ ነው።

ለብዙ ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይጨመር ቆየ፣ የካዛንቺስም ሆነ የቂርቆስ ብዙ ቤተሰብ ልጅ ያሳደገው በዚያ ነው። ግን ሌላ ነገርም አብሮ ሆነ። የቀበሌ ቤት የሚገኘው በማመልከቻ ነው፤ ቀብድ አይከፈልበትም። ቀበሌ ያልሰጠው ሰው ደግሞ ዘመድ ወይም ጓደኛ ዘንድ ደባል ሆኖ ይገባል። ደባልነትን የሚያስተዳድረው ይሉኝታ እንጂ ውል አይደለም። አንቀጽ 1885 አልተሻረም፤ ሰው ሶፋ ሲያሠራም ላም ሲገዛም ቀብድ ይል ነበር። ለቤት ኪራይ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ አንቀጹን ሳይጠራው አደገ።

ደርግ ወድቆ የግል ኪራይ በሰፊው ሲመለስ፣ በተለይም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲስፋፋ፣ የተመለሰው በደባል ወግ ነበር፦ በቃል፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በደላላ። ገበያው መጣ፤ የገበያው ሕግ ግን መጽሐፉ ውስጥ እንደተኛ ቀረ።

«የት አገር ነው እንዲህ ያለው?»

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ቀበሌ ቤት ይኖሩ የነበሩ ብዙ ጎረቤቶቼ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ። እኔ በአንድ የግል ግቢ ውስጥ የሰርቪስ ቤት ተከራይ ስለነበርኩ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ያን ሰሞን ደላሎች ስልክ የሚያነሱት በምርጫ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ አንድ ክፍል ተገኘ። ከባለቤቷ ጋር በወር 9,000 ብር ተስማማን፣ የምገባበትንም ቀን ቆረጥን። የአንድ ወሩን በቴሌብር ላክሁ፤ ማብራሪያው ላይ «ለቤት ኪራይ ቀብድ» ብዬ ጻፍሁ። ለደላላው ኮሚሽኑን በእጁ ሰጠሁት። ዕቃ የሚጭን መኪናም ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ሴትየዋ ደወሉ፦ ልጃቸው ከውጭ ልትመጣ ነው።

«ልጄ፣ ብርህን እኮ እመልስልሃለሁ፤ ምን ጎደለብህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቀብድ እኮ እጥፍ ነው የሚመለሰው» አልኳቸው።

«የት አገር ነው እንዲህ ያለው?»

በጣም ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። ሊያታልሉኝ የፈለጉ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ሰምተው አያውቁም። የግቢው ሽማግሌ ጎረቤት ገብተው አስታረቁን፤ እሳቸውም ስለ እጥፍ ሰምተው አያውቁም። 9,000 ብሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። የመኪናው ቀብድ ቀረ። ደላላውም «እኔ ቤት አሳይቻለሁ» ብሎ ኮሚሽኑን ይዞ ሄደ። ክስ አልመሠረትኩም፤ ያን ሳምንት የሚያስፈልገኝ ፍርድ ሳይሆን ጣራ ነበር።

የሕጉ ደካማ ጎንም እዚህ ጋ ይታያል። እጥፉ የሚገኘው በፍርድ ቤት ነው፤ ቤት ያጣ ሰው ደግሞ ለቀጠሮ ጊዜ የለውም። አከራዩ ይህን ባያውቀውም ተጠቃሚው እሱ ነው። ሆኖም ሽማግሌው ሕጉን ቢያውቁት ኖሮ ድርድሩ የሚጀምረው ከ18,000 ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ መታረቅ ይቻላል። እኛ ግን የጀመርነው ከ9,000 ስለነበር፣ ያም መመለሱ እንደ ውለታ ተቆጠረ።

የብሩ ስም

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጸደቀ። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። የኪራይ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አከራይን የሚይዘው ግን ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። አከራይ የሚሸሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመፈረሙ በፊት፣ በስምምነቱና በፊርማው መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ለእነዚያ ቀናት እስካሁን ዋናው መጠለያችን የ1952ቱ ሕግ ነው።

መጠለያው የሚሠራው ግን ብሩ ስም ሲኖረው ነው። ሙያዬ ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ ውስጥ አንድ እሴት ምን ዓይነት እንደሆነ ካልነገራችሁት ፕሮግራሙ እንደመሰለው ያስተናግደዋል። ለአከራይ የሚሰጥ ብርም እንደዚያው ነው፤ ስሙ ሲቀየር መብቱ ይቀየራል።

ስሙ «ቀብድ» ከሆነ፣ አንቀጽ 1883 ውል ለመኖሩ ማስረጃ ያደርገዋል፤ 1885 ደግሞ እጥፉን ያመጣል። የአከራዩ ጠበቃ «በአዲሱ አዋጅ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ውል የለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ክርክር ቢያሸንፍ እንኳ አከራዩ ብሩን ይዞ አይቀርም፤ የማይገባ ክፍያ ይመለሳል የሚለው አንቀጽ 2164 አለ። እንደ ውል የሚሆን አንድ ወረቀት በዚያው ዕለት መፈራረም ይህን ክርክር ከጅምሩ ይዘጋዋል።

ስሙ «ቅድመ ክፍያ» ከሆነና የጽሑፍ ውል ካለ፣ መንገዱ ሌላ ነው። እዚህ እጥፍ የለም፤ ያለው ውል ማፍረስ ነው። በአንቀጽ 1771 መሠረት ተከራዩ ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፣ በላዩም የደረሰበትን ኪሳራ። ከዚያ በፊት ግን አንቀጽ 1772 ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል፤ «እስከዚህ ቀን ቤቱን አስረክቡኝ» የሚል የጽሑፍ መልእክት የሚላከው ለዚህ ነው። የመኪና ኪራይ፣ የሆቴል አዳር፣ የቀረ የሥራ ቀን፣ ሁሉም ደረሰኝ ካለው ኪሳራ ውስጥ ይገባል።

ስሙ «ኮሚሽን» ከሆነ ደግሞ ከአከራዩ ጋር የተያያዘ አይደለም። ከደላላው ጋር ያለ ሌላ ስምምነት ነው፤ የቀብድ አንቀጾችም አይነኩትም። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት «ቤቱ ከቀረ ኮሚሽኑ ይመለሳል» መባባልና ይህንኑ በቴሌግራም ጽፎ እሺታውን መቀበል ያስፈልጋል።

ስም የሌለው ብር፣ «ለጊዜው ያዙት» ተብሎ በጥሬው የተሰጠው፣ ከሁሉ የከፋው ነው። ሲጣሉ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚስማማውን ስም ያወጣለታል።

ብዙ ሰው «ሕግ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አለ፤ ከብዙዎቹ አከራዮቻችን ዕድሜ ይበልጣል። ያጣነው የኪራይ ቋንቋውን ነው። አባቶቻችን በሬ ሲገዙ «ቀብድ» ብለው፣ ምስክር አቁመው፣ ማን ቢቀር ምን እንደሚከፍል ተነጋግረው ነበር የሚለያዩት። እኛ ዛሬ ምስክር ሳናቆም፣ ስልካችን ላይ ባለች አንዲት ማብራሪያ መጻፊያ ሣጥን ያንኑ ማድረግ እንችላለን። አምስት ስድስት ቃል ይበቃታል፦ «ለእገሌ ቤት ኪራይ ውል ቀብድ፣ የመግቢያ ቀን እገሌ።» ይህን ጽፎ መላክ ለሁሉም ይበጃል። አከራዩ ሐሳቡን የመቀየር መብቱ አይነካበትም፤ የመብቱን ዋጋ ግን ብሩን ሲቀበል አንብቦታል።