ተራው የማን ነው? የ11 ዓመቱ የአብራሪዎች ጠብ

ዛሬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው እሑድ እዚህ ናይሮቢ ቡና ላይ ሁለት ወንድሞች ተጣሉ። አንዱ ከተመዘገበ 14 ዓመቱ ነው፣ ሌላው 5። ቀድሞ የተጠራው ባለ 5ቱ ነው። «ተራዬን በላህብኝ» አለው። ተነሥቶ ወጣ። ያን ጊዜ ያነበብኩት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ፊላደልፊያና ፊኒክስ ዘመድ ያላችሁ ኩባንያውን ታስታውሱታላችሁ፤ ዩኤስ ኤርዌይስ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ አብራሪ ኑሮው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ በተቀጠረበት ቀን በሚያገኘው የተራ ቁጥር። ካፒቴን የሚሆነው፣ ትልቁን አውሮፕላን የሚይዘው፣ በዓልን ከልጆቹ ጋር የሚውለው በዚያ ቁጥር ነው። ሥራ ሲቀንስ ደግሞ ቅነሳው ከግርጌ ይጀምራል። «ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን» ይሉትና ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል፤ ይህንን ነው ፈርሎ የሚሉት። ተናድዶ ሌላ ኩባንያ ቢገባ የ20 ዓመት ካፒቴን እንኳ ቢሆን እንደ አዲስ ከታች ነው። ስለዚህ አይሄድም፣ ይጠብቃል። እኛ መጠበቅን እናውቀዋለን።

በመስከረም 2005፣ ሁለት ጊዜ የከሰረው ዩኤስ ኤርዌይስ ከአሜሪካ ዌስት ጋር ተዋሐደ። የዩኤስ ኤርዌይሶቹ ምሥራቆች ተባሉ፣ 5,100 ያህል ነበሩ። የአሜሪካ ዌስቶቹ ምዕራቦች ተባሉ፣ 1,900 ያህል። ከምሥራቆቹ 1,700 የሚሆኑት ፈርሎ ላይ ነበሩ። እንግዲህ ሁለቱን ዝርዝር እንዴት ታዋህደዋለህ?

ምሥራቆች «በተቀጠርንበት ቀን» አሉ። ምዕራቦች «ሥራ የሌለው ሰው እንዴት በሥራ ላይ ያለውን ይቀድማል?» አሉ። ሁለቱም የአንድ ማኅበር አባላት ነበሩና የግልግል ዳኛ የሚወስነውን ለመቀበል ተስማምተው ነበር። ዳኛው ጆርጅ ኒኮላው በግንቦት 2007 ፈረዱ። ሰፋፊ አውሮፕላኖችን ያበሩ የነበሩ 500 ያህል ምሥራቆች ከላይ፣ ፈርሎ ላይ የነበሩት ከግርጌ፣ የቀሩት ተቀላቅለው መሐል። ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ሰው ጥቂት ወራት ከሠራ ልጅ በታች ሆነ።

እኔ ብሆን ያመኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ምዕራቦቹም ልክ ነበሩ፤ ሥራቸውን ይዘው ነው የመጡት።

ምሥራቆች በቁጥር ይበልጡ ስለነበር በ2008 በድምፅ የቀድሞውን ማኅበር አውርደው ዩሳፓ የሚባል የራሳቸውን አቆሙ። አዲሱ ማኅበር የዳኛውን ዝርዝር ወደ ጎን ተወው። በዚያው ዓመት ነዳጅ ሲወደድ ምዕራቦች ፈርሎ ገቡ። «በዳኛው ዝርዝር ቢሆን እኛ አንነካም ነበር» ብለው ማኅበሩን ከሰሱ። በ2009 ፊኒክስ ላይ ረቱ። በ2010 ይግባኝ ሰሚው «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ሻረባቸው። በ2015 ያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማኅበሩ በደል ፈጽሟል አለ።

እስከዚያው ያተረፈው ማን ይመስላችኋል? አብራሪዎቹ በአንድ ውል መስማማት ስላልቻሉ በአንድ ስም ሥር ሁለት አየር መንገድ ሆነው ቀሩ፤ ምሥራቆቹ ለዓመታት በኪሳራ ዘመን በተቆረጠው ደመወዝ ሠሩ። በጥር 2009 አውሮፕላኑን ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155 ሰው ያተረፈው ካፒቴን ሰለንበርገር ከእነሱ አንዱ ነበር። ፊልሙን ያያችሁ አላችሁ። ከወር በኋላ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ደመወዙ 40 በመቶ እንደተቆረጠ፣ ጡረታውም እንደተቋረጠ ተናገረ።

በ2013 ኩባንያው ደግሞ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተዋሐደ። የሦስቱን ወገን አብራሪዎች በአንድ ዝርዝር ያስቀመጠው ውሳኔ የወጣው በመስከረም 2016 ነው። አብራሪ በሕግ 65 ሲሞላው ያቆማል። በ2005 ዕድሜው 55 የነበረ ሰው ያንን ዝርዝር በሥራ ላይ ሆኖ አላየውም።

የቡናዎቹን ሰዎች ትናንት ለየብቻ ደወልኩላቸው። ባለ 14ቱ አላነሣም። ፊላደልፊያ ወይም ፊኒክስ አየር ማረፊያ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን።