ይምርሐነ ክርስቶስና የፍሪሜሶን ተረት

የላስታን አብያተ ክርስቲያናት ያነጹት ቴምፕላር የተባሉት የመስቀል ጦረኞች ናቸው፣ ፍሪሜሶኖችም ወራሾቻቸው ናቸው የሚለውን ግምት በ1992 እ.ኤ.አ. የታተመው የግራሃም ሃንኮክ መጽሐፍ አስፋፍቶታል።

ፍሪሜሶን ማለት ነጻ ግንበኛ ማለት ቢሆንም፣ የዛሬ አባላቱ የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች እንጂ ድንጋይ ጠራቢዎች አይደሉም። ታላቅ ሎጅ የተባለው የመጀመሪያው ማኅበራቸው በሎንዶን የተመሠረተው በ1717 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1312 እ.ኤ.አ. ከፈረሰው ከቴምፕላር ማኅበር ጋራ የሚያያይዛቸው ትረካ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን ስለ አገሩ ግንበኞች ይመሰክራል። እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተሠራው ግድግዳው በደብረ ዳሞ የሚታየውን የአክሱምን ጥበብ የተከተለ ነው፤ በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ይኸው መልክ ከአለት ተጠርቦ ይገኛል። ስለዚህ ግምቱ የላስታን ባለሙያ ከገዛ እጁ ሥራ የሚለይ ነው።