በካቴናው ፈንታ

ስሙኝማ፣ የፊላዴልፊያን ነገር ልንገራችሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ነገሩ የሆነው እዚያው አሜሪካ ነውና።

እስቲ አንድ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡልኝ። 12 ዓመት ቢሆነው ነው። ማታ ለቤት ሥራው ወረቀት ሲቆርጥበት ያመሸውን መቀስ ቦርሳው ውስጥ ረስቶታል። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ቦርሳው ሲፈተሽ መቀሱ ተገኘ። በደንቡ መቀስ ስለት ነው፤ ስለት ደግሞ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፤ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ይታሰራል። ፖሊስ ተጠራ። የልጁ ሁለት እጆች ወደ ኋላ ዞረው ካቴና ገባባቸው። ጓደኞቹ ኮሪደሩ ላይ ግራና ቀኝ ቆመው እያዩ ወደ መኪና ተወሰደ። ጣቢያ ደርሶ አሻራ ሰጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከዚያ እናት ወይም አባት መጥቶ እስኪረከበው ድረስ ተዘጋበት።

ይህን ልጅ የሳልኩት እኔ ነኝ። እንዲህ የተደረጉት ልጆች ግን ነበሩ። በ2013 በጀመረው የትምህርት ዘመን ብቻ በፊላዴልፊያ ትምህርት ቤቶች 1,600 ገደማ ጊዜ ተማሪ ታስሯል። ከታሳሪዎቹ ውስጥ የ10 ዓመት ልጆች ነበሩበት። 10 ዓመት እኮ ነው የምላችሁ! በብዛት ካቴና የገባባቸውም ጥቁር ልጆች ናቸው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ከ1990ዎቹ ጀምሮ «አንዲትም ጥፋት አትታለፍ» የሚል ደንብ በአገሩ ተስፋፋ። በ1999 ኮሎራዶ ውስጥ በኮሎምባይን ትምህርት ቤት የጅምላ ግድያ ሲፈጸም ደግሞ ወላጁ ሁሉ ደነገጠ፤ በየትምህርት ቤቱ ፖሊስ በዛ። ፖሊሱ የመጣው ነፍሰ ገዳይ ሊጠብቅ ነበር፤ የዋለው ግን የተጣሉ ልጆችን ሲያስር ነው።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። ኬቨን ቤቴል ይባላሉ፤ በጊዜው የከተማዋ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ነበሩ። ይህን ታሪክ የወደድኩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ለልጆቹ የተነሣላቸው የፖሊስ ተቃዋሚ ሳይሆን ራሱ ፖሊስ ነው። ቤቴል መዝገቡን አስቀርበው አዩ። የተደረደረው የመቀስና የሰንጢ፣ የማሪዋና፣ የግቢ ድብድብ ጉዳይ ነው። ታዲያ ፖሊሱን «አትሰር» ብቻ ቢሉት ምን ያደርጋል? ትምህርት ቤቱ ጠርቶታል፣ ዳይሬክተሩ ፊቱ ቆሟል፣ በእጁ ያለው ካቴና ብቻ ነው። ሌላ የሚሠራው ነገር ሊሰጠው ይገባል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ለእኔ እዚህ ላይ ነው።

የሰጡትም ስልክ ቁጥር ነው። ከግንቦት 2014 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የተጠራ ፖሊስ ልጁን ከመያዙ በፊት ይደውላል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ልጁ ከዚህ በፊት ጥፋተኛ የተባለበት ጉዳይ እንዳለና እንደሌለ ያያል። ከሌለና ጥፋቱም ከቀላሎቹ ከሆነ ካቴና የለም፣ አሻራ የለም፤ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤቱ ይቀራል። ከዚያ በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ሶሻል ወርከር የልጁን ቤት ያንኳኳል። ተቀምጦ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራል፦ ልጁ ምን ሆኖ ነው? ትምህርቱ ከብዶት ነው? ቤት ውስጥ ችግር አለ? የሚያስፈራራው ልጅ አለ? እንደ መልሱ በሰፈሩ ወዳለ ድርጅት ይመራዋል፤ አስጠኚ፣ አማካሪ፣ ከትምህርት በኋላ የሚውልበት ቦታ ያገኛል። አገልግሎቱ በፈቃድ ነው። ቤተሰቡ «አንፈልግም» ቢል እንኳ ልጁ ተመልሶ አይታሰርም።

በመጀመሪያው ዓመት እስሩ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በአምስተኛው ዓመት 251 ደረሰ።

«ታዲያ ልጁ እንዲሁ ተለቀቀ ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አልተለቀቀም። ትምህርት ቤቱ በራሱ ደንብ ይቀጣዋል፤ ሽጉጥ የያዘ ወይም ሰው ክፉኛ የጎዳ ደግሞ አሁንም ይታሰራል። የቀረው ልጅን በልጅነት ጥፋቱ ወንጀለኛ ብሎ መመዝገቡ ነው።

ከፊላዴልፊያ ቀድሞ መንገዱን ያሳየም አለ። ከአትላንታ በስተደቡብ በክሌይተን ካውንቲ፣ ስቲቨን ቴስኪ የሚባሉ የወጣቶች ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ ፖሊስ ሳይመደብባቸው በፊት ወደ ፍርድ ቤቱ የሚልኩት ተማሪ በዓመት ከመቶ በታች ነበር፤ ከተመደበ በኋላ ከ1,000 አለፈ። ዳኛው ፖሊሱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ ወላጁን በአንድ ጠረጴዛ ሰበሰቡና ወራት ከፈጀ ክርክር በኋላ በ2004 ስምምነት አስፈረሙ። ለቀላል ጥፋት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደገም ጠብን በንግግር መፍታት የሚማሩበት ትምህርት፣ ፍርድ ቤት በሦስተኛው ብቻ። የዳኛው መከራከሪያ አጭር ነበር፦ ፍርድ ቤት ለሚያስፈራን ልጅ እንጂ ላናደደን ልጅ አይደለም። ወደ ፍርድ ቤት የሚላከው ተማሪ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀነሰ፤ ትምህርቱን የሚጨርሰውም በዛ።

ቤቴልም በዚያ አላበቁም። ከፖሊስ ጡረታ ወጥተው በ2019 የፊላዴልፊያ ትምህርት ቤቶች የደኅንነት ኃላፊ ሆኑ። የትምህርት ቤቱ ፖሊሶች «የደኅንነት ሠራተኞች» ተባሉ፤ ልጅ እንዳያስደነግጥ ብለው የደንብ ልብሳቸውንም አስለወጡ። በ2024 ደግሞ የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነው ተመለሱ።

ምዕራብ ፊላዴልፊያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ የእኛም ልጆች የሚማሩበት ሰፈር ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ልጅ ለምታሳድጉ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪን ካርድ ይዞ ያደገ ልጅ አንድ ቀን በራሱ ለዜግነት ሲያመለክት ፎርሙ «ታስረህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በልጅነቱ ነው፣ መዝገቡም ተዘግቷል ቢባል እንኳ ከመመለስ አያመልጥም። ብዙዎቻችን የወላጆች ስብሰባ ላይ የምንጠይቀው ስለ ውጤት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንንም ጠይቁ፦ ትምህርት ቤቱ ከፖሊስ ጋር የተፈራረመው ጽሑፍ አለ? በምን ጥፋት ነው ፖሊስ የሚጠራው? ልጄን ከመያዛችሁ በፊት ለማን ነው የምትደውሉት? እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።