ላብህ ይድረቅ

አያቴ ታናሽ ወንድሙን ምን እንደገደለው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው፦ «ንዳድ»። ልጅ ሆኜ ቢቸና ምድጃ ዳር ስሰማው፣ ንዳድ ማለት ወባ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ታሪኩን እንደገና እንድጠይቅ ያደረገኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከፋሲካ ማግስት፣ ራሴ የሠራሁት ሞኝነት ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ አዲስ አበባ፣ ወንበር ላይ። ለበዓል አገር ቤት ገብቼ ሞጣ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር ሰባራ ድልድይን ለማየት ተነሳን። ቡና ስንጠጣ ረፈደ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፣ እጃችን ላይ ያለው ደግሞ አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። (ቃሉ በእንግሊዝኛ «ደጋ» ማለት መሆኑን ያስተዋልኩት ቆላው መሐል ባዶ ፕላስቲክ ይዤ ነው።) መውረዱ ቀላል ነበር። ድልድዩ ላይ ፎቶ ተነሳን። ስንመለስ ስምንት ሰዓት ገደማ ዳገቱ ላይ ጆሮዬ ይጮኽ ጀመር፤ ቀጥሎ በዚያ ሐሩር ብርድ ብርድ አለኝ። ላቤ ቆሟል። እኔ ግን «ደህና ነኝ» እያልኩ መንገድ ስቼ እሄድ ነበር አሉ።

አህዮቻቸውን ዋርካ ሥር አሳርፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው የያዙኝ። ሸሚዜን አስወልቀው ከጀሪካናቸው ውሃ ራሴና ደረቴ ላይ አፈሰሱ፣ በነጠላቸው አራገቡልኝ። አእምሮዬ ሲመለስ በሶ በጥብጠው ጨው ነሰነሱበትና በትንሽ በትንሹ አጠጡኝ። «አባቴ፣ እርስዎ መቼ ነው የሚወጡት?» አልኳቸው። «ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነዋ! አንተ ልጅ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ከዓባይ የሚወጣ ማን አይተሃል?»

ማንንም አላየሁም። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ያ ራሱ መረጃ ነበር።

የዓባይን ሸለቆ የአገሬው ሰው «የዓባይ በረሃ» ነው የሚለው። አሸዋ የለውም፤ ወንዝም መሐሉ ይፈሳል፤ ግን ስሙ ትክክል ነው። ሞጣም ሆነ ቢቸና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ እንኳ ማታ ጋቢ ያስለብሳሉ። በአማካይ 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ በበጋ ቀትር፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ልዩነቱ ወደ 10 ይጠጋል። የጋለው ዐለት ደግሞ ከጎንና ከጎን ይመልስልሃል። ዋናው ተንኮል ግን ሌላ ነው፦ ሸለቆ የተገለበጠ ተራራ ነው። ተራራ ላይ ስትደክም መመለሻህ ቁልቁለት ነው። እዚህ ጉልበት ሳለህና ጠዋት ሳለ ትወርዳለህ፤ ዳገቱ የሚጠብቅህ ውሃህ ሲያልቅና ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው።

የድሮ ነጋዴ ይህን ያውቅ ነበር። አያቴ እንደሚለው ዶሮ ሲጮህ ይነሳሉ፣ ገና ሳይሞቅ ወንዙን ይሻገራሉ፣ ካልሆነም ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ውሃው በቅል፣ ራስ ላይ ነጠላ። በረሃው ውስጥ ማደር ግን አይታሰብም፤ ንዳድ ይይዛላ።

ይህ ሥርዓት የሚሠራው መሻገሩ ፈጣን ከሆነ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667 እ.ኤ.አ.) እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ሲያገናኝ፣ ወንዙ ከነጭነት ለመሻገር የደቂቃዎች ጉዳይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መሐሉ ተቆረጠ፤ «ሰባራ ድልድይ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ገደማ ሰው ክፍተቱን የተሻገረው በገመድ ነው፤ ከወዲህና ከወዲያ ወንዶች ይዘው እየጎተቱት፣ ሥሩ ዓባይ እየጋለበ። ይህን የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተሰኘውን ድርጅት አቋቋመ፤ ድልድዩም በ2002 ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፣ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እኔ ፎቶ የተነሳሁት እሱ ላይ ነው።

ስለ ሰባራ ድልድይ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው የመውደቅ አደጋው ነው። እኔ ግን እንደ ፕሮግራመር የሚታየኝ ወረፋው ነው። ጭነት ይፈታል፣ አንድ በአንድ ይጎተታል፣ ሰውም በተራው። ጠዋት የወረደ ነጋዴ ተራው ሲደርሰው ቀትር ይሆናል። ድልድዩ ሲሰበር የሰዓት ሥርዓቱም አብሮ የተሰበረ ይመስለኛል፤ ሰው በረሃው ወለል ላይ ፀሐይ እየበላው መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በሰዓቱ አለመሄድ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ አገርም መሄድ ይቻላል። በ1860 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያን ከደቡብ ወደ ሰሜን ለማቋረጥ ከሜልቦርን የተነሳው የበርክና የዊልስ ጉዞ፣ ኩፐር ክሪክ ከተባለው የውሃ ዳርቻ ወደ ሰሜን የቀጠለው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነበር። እዚያ ታኅሣሥ የሐሩሩ ወቅት ነው። ባሕሩ አጠገብ ደረሱ፤ ሲመለሱ ግን ስንቁም ጉልበቱም አልቆ ሁለቱም በ1861 ሞቱ። ከአራቱ የተረፈው ጆን ኪንግ የያንድሩዋንድሃ ሕዝብ አስጠግቶ ስለመገበው ነው። ስለ ሽማግሌውና ስለ ዋርካው ሳላስብ ይህን ማንበብ አልቻልኩም።

ወደ ንዳድ ልመለስ። ቃሉ የመጣው ከ«ነደደ» ነው፤ የሚነግረን የሰውነትን መቃጠል እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ወባ እውነተኛ ገዳይ መሆኑ አያከራክርም፤ በ1958 እ.ኤ.አ. የተነሳው ወረርሽኝ ብቻ ወደ 150,000 ሰው እንደገደለ ይገመታል። ግን ወባ ከትንኝ ንክሻ በኋላ ለመታየት ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ጠዋት በጤናው ወርዶ ማታ የሞተ ሰውስ? እሱንም የምንጠራው በዚያው ቃል ነው። የሐሩር ታሪካችን፣ እንደኔ ግምት፣ በወባ ስም ተመዝግቦ ቀርቷል።

ይህን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄዎቼን ላፕቶፔ ላይ ጽፌ ነበር። ወንድሙ ስንት ሰዓት ወረደ? ማር ጭነው ጠዋት ነው የወረዱት፤ ገመዱ ጋ ወረፋ ይዟቸው ቀትር ሆነ። ከዚያ በፊት አሞት ያውቃል? ኧረ ምንም። ምን አደረገው? ዳገቱ ላይ ይቀባጥር ጀመር፣ ወደቀ፣ ሳይነጋ ሞተ።

«ውሃ አልነበረውም እንዴ አባባ?»

«ውሃማ ቅሉ ሙሉ ነበር» አለ አያቴ። «እንካ እያለ ለመነኝኮ። ላብህ ሳይደርቅ አትጠጣ፣ ይመታሃል አልኩት። እንደዚያ ነበር የሚባለው።» ትንሽ ዝም አለና «እናንተ የተማራችሁት ምን ትሉታላችሁ?» አለኝ።

ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«ንዳድ ነው አባባ» አልኩት።